ከማስታወቂያ ክፍል የወጣችው ሠዓሊ

በልጆች ሥዕል ስሟ የገነነው አሜሪካዊት ጄሲ ዊልኮክስ ስሚዝ ሥራ የጀመረችው በመዋዕለ ሕፃናት መምህርነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ፊላደልፊያ የተወለደችው ይህች ሴት ልጆች ብትወድም ሥራው አልሆነላትም። ቁመቷ ረጅም ነው፣ ጀርባዋን ያማታል፤ ቀኑን ሙሉ ወደ ትንንሾቹ ማጎንበስ ከበዳት።

ሥዕል የመጣላት በአጋጣሚ ነው። አንዲት ወዳጇ ለአንድ ወጣት ሥዕል ልታስተምር ስትል፣ ወንድና ሴት ብቻቸውን መቀመጥ በዘመኑ ነውር ነበርና ጄሲ አብራ እንድትቀመጥ ተጠራች። እሷም እርሳስ አንስታ ፊቷ ያለውን መብራት ሣለች። ተሰጥኦው የታየው ከተማሪው ሳይሆን ከእሷ ነው! በ1884 ወደ ሥዕል ትምህርት ገባች፤ በ1888 ስትመረቅ የመጀመሪያ ሥዕሏ «ሴንት ኒኮላስ» በተባለው የልጆች መጽሔት ላይ ወጣ።

በቀጣዩ ዓመት «ሌዲስ ሆም ጆርናል» የተባለው የሴቶች መጽሔት በማስታወቂያ ክፍሉ ቀጠራት። የተጀመሩ ንድፎችን መጨረስ፣ በማስታወቂያው ዙሪያ የሚዞረውን ጌጥ መሣል… ሥራዋ ይኸው ነበር። ብዙዎች እነዚህን አምስት ዓመታት በአንድ መስመር ያልፏቸዋል። እኔ በማርኬቲንግ ስለምተዳደር ነው መሰለኝ ዓይኔ እዚያው ቀረ። የማስታወቂያ ሠዓሊ ቦታው ጠባብ፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው፤ ገጹን የምትገልጠው እናት ለአፍታ ካልቆመች ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። የኋላ ሥዕሎቿ በአንድ እይታ የሚገቡት ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ሆኖም የጌጥ ሥራ እስከ መቼ? በ1894፣ በ31 ዓመቷ፣ መጽሔቱን ለቅቃ በድሬክሰል ተቋም የታወቀው ሠዓሊ የሃዋርድ ፓይል ተማሪ ሆነች። ቋሚ ደመወዝ ትቶ እንደገና ደብተር መያዝ ዛሬም ቢሆን ቤተሰብ የሚሰበስብ ጉዳይ ነው። ፓይል ሠዓሊ ታሪኩን ከውጭ እንዳያይ፣ ውስጡ ገብቶ እንዲኖር ያስተምር ነበር። ሥራም ያገናኝ ነበር፤ በ1897 ከክፍል ጓደኛዋ ከቫዮሌት ኦክሌይ ጋር የሎንግፌሎውን «ኢቫንጀሊን» በሥዕል አስጌጡ። ከዚያ በኋላ መጻሕፍቱ ተከታተሉ። ከ1917 መጨረሻ እስከ 1933 ደግሞ የ«ጉድ ሃውስኪፒንግ» መጽሔት ሽፋን በየወሩ የእሷ ሥዕል ሆነ።

ጄሲ አላገባችም፣ አልወለደችም። የምትሥላቸው በአብዛኛው የወዳጆቿን ልጆች ነው። አትንቀሳቀሱ ብላ አታስጨንቃቸውም፤ ተረት ትነግራቸዋለች። ልጅ ተረት የሚነግረውን ሰው ዓይን ዓይኑን ያያል፤ እሷም እያወራች ትሥላለች።