አሮጌ ኮምፒዩተርን ከዛሬው ኢንተርኔት ጋራ ስለ ማስማማት

በነቀምቴ፥ በጊምቢ፥ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ መንገድ ዳር ማመልከቻ የሚተየብባቸው፥ ፎቶ ኮፒ የሚነሣባቸው፥ የተማሪ የፈተና ውጤት የሚታይባቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። ከኮምፒዩተሮቻቸው አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በዊንዶውስ 7 ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ማሽን ይጽፋል፥ ያትማል፤ ነገር ግን የአንድ መሥሪያ ቤት ገጽ ሲጠየቅ «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ እንቢ ይላል። ባለቤቱም አንድ ጊዜ በኔትዎርኩ፥ አንድ ጊዜ በዕቃው እርጅና ያመካኛል። ምዝገባ ሊዘጋ አንድ ቀን የቀረው ተማሪ በበኩሉ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፥ እንዲህ ያለው እንቢታ ብዙ ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች እንደሚመጣና ሦስቱም በተራ ሊመረመሩ እንደሚችሉ ማስረዳት ነው። ዘመናቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የችግሩ መነሻ

ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋናው ፕሮግራምና በእርሱ ላይ ኾኖ በኢንተርኔት የሚጠቀመው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ሥራ ናቸው። ስለዚህ የሚያስማማቸው ነገር ያስፈልጋል። በ1992 የወጣው ዊንዶውስ 3.1 ከኢንተርኔት ጋራ የሚነጋገርበት ዘዴ በውስጡ አልነበረውም፤ ክፍተቱን ከሞሉት አንዱ በአውስትራሊያ፥ በታዝማኒያ፥ ፒተር ታታም የሠራው ትራምፔት ዊንሶክ ነበረ። ዊንዶውስ 95 የራሱን ዊንሶክ ይዞ ሲመጣ ግን፥ ስማቸው አንድ የኾነ ሁለት ፋይሎች ባንድ ማሽን ላይ ተገናኝተው ሥራ የሚያበላሹበት ጊዜ ነበረ።

የዛሬው አለመስማማት የሚመጣው ከዘመን ርቀት ነው። ዊንዶውስ 7 በ2009 ወጣ፤ ማይክሮሶፍት ለሕዝብ የሚሰጠውን ጥገና ያቆመው በጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። በዚያው ዓመት ከጃንዋሪ መጀመሪያ እስከ ማርች መጨረሻ በቄለም ወለጋ፥ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበርና፥ በዚያ የነበረ ማሽን የመጨረሻውን ጥገና በጊዜው ለመቀበል መንገድ አልነበረውም።

1ኛ/ ሰዓትና ቀን

አንድ ገጽ ራሱን የሚያስታውቅበት ሰርተፊኬት አለው። ይህም እንደ መታወቂያ ወረቀት የሚጸናበትና የሚያልፍበት ቀን አለው፤ ኮምፒዩተሩ የሚያመሳክረውም ከራሱ ሰዓት ጋራ ነው። ሰዓቱን የምትጠብቀው በማዘር ቦርዱ ላይ የምትገኝ፥ ብዙ ጊዜ ሲ.አር. 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። መብራት ሲጠፋ ወይም ማታ ሶኬቱ ሲነቀል ሰዓቱ በእርሷ ብቻ ይሄዳል፤ ስትደክም ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል።

በአገራችን ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ሠራተኛው ቀኑን ሲያቃና ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎ አስገባ እንበል። ለማሽኑ ይህ የአውሮፓውያን 2017 ነው፤ ስለዚህ በ2025 የተሰጠውን ሰርተፊኬት ቀኑ ገና ያልደረሰ አድርጎ ይጥለዋል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከጧቱ 3 ሰዓት በማሽኑ 9 ሰዓት መባል አለበት። በዊንዶውስ የሰዓት ክልል ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የሚል ስለማይገኝ ናይሮቢ የሚለው ይመረጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ይህን መመርመር፥ ቀኑ ደጋግሞ ወደ ኋላ የሚመለስ እንደ ኾነም ባትሪዋን መለወጥ ይገባል።

2ኛ/ ዋስ

ሰርተፊኬት ያለ ዋስ አይታመንም። ኮምፒዩተሩ የሚያምናቸውን ዋሶች በዝርዝር ይዟል፤ ዝርዝሩ ካልታደሰ ዐዲስ ዋስ ሲመጣ አያውቀውም። ሌትስ ኢንክሪፕት ለብዙ ገጾች ሰርተፊኬት በነጻ የሚሰጥ ድርጅት ነው። በፊት ይደገፍበት የነበረው ዋስ ዘመኑ በሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ሲያልፍ፥ ዐዲሱን የማያውቁ ብዙ አሮጌ ማሽኖች ገጾቹን መክፈት አቃታቸው።

መድኀኒቱ ዝርዝሩን ማደስ ወይም የራሱን ዝርዝር ይዞ የሚመጣውን ፋየርፎክስ መጫን ነው። ለዊንዶውስ 7 የሚኾነው የመጨረሻው የፋየርፎክስ ትውልድ 115 የተባለው የረጅም ጊዜ እትም ሲኾን፥ ክሮም ከ109 አያልፍም። ፋየርፎክስም ቢኾን ቀኑን የሚጠይቀው ከማሽኑ ሰዓት ነውና፥ የመጀመሪያው ነጥብ ሳይቃና ይህ አይጠቅምም።

3ኛ/ የምስጢር አነጋገር

ማሽኑና ገጹ በምስጢር የሚነጋገሩበት ደንብ ቲ.ኤል.ኤስ. ይባላል። 1.0 የተባለው በ1999፥ 1.2 የተባለው በ2008 ወጣ። ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ከ1.2 በፊት ያሉትን በ2020 ተዉ። ዊንዶውስ 7 1.2ን ያውቃል፤ ኾኖም በዊንዶውሱ በኩል የሚነጋገሩ አንዳንድ የኢሜይልና የሌላ ሥራ ፕሮግራሞች ካልታዘዙ በአሮጌው ብቻ ይናገራሉ። ለዚህ ሰርቪስ ፓክ 1 መኖሩን አረጋግጦ፥ ኬ.ቢ. 3140245 የተባለውን ጥገና ጭኖ፥ ከእርሱ ጋራ የተሰጠውን ትእዛዝ በሬጅስትሪ መጻፍ ያስፈልጋል። ሬጅስትሪን ከመንካት በፊት ቅጂውን ማስቀመጥ ግዴታ ነው።

የዚህ ሥራ ወሰን

ሦስቱ ከተቃኑ ብዙዎቹ ገጾች ይከፈታሉ። መከፈት ግን ከአደጋ መዳን አይደለም። ከ2020 በኋላ በዊንዶውስ 7 የተገኘ ቀዳዳ እንደ ቀድሞው ለሁሉ አይደፈንም፤ በእነዚህም ቤቶች የብዙ ሰው ፍላሽ ዲስክ ባንድ ማሽን ላይ ይሰካል። ጉዳቱ የሚደርሰው የመታወቂያውን ቅጂና የምስጢር ቃሉን ትቶ በሚሄደው ደንበኛ ላይ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ማሽን ለመተየብ፥ ለማተምና ውጤት ለማየት ይዋል፤ የባንክ ሒሳብና የምስጢር ቃል ግን አይግባበት።

ማሽኑን መጣል የማይፈልግ ሰው ቀላል የሊኑክስ ዓይነት በነጻ ሊጭንበት ይችላል። በቁቤ የተጻፈ የኦሮምኛ ሰነድ በፊደሉ ምክንያት አይቸገርም፤ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተተየበ የአማርኛ ሰነድ ግን ፊደሉ ሊበላሽ ስለሚችል፥ አሮጌው ከመጥፋቱ በፊት በአንድ ቅጂ መሞከር አለበት።