ያውቁ ኖሯል? የአንድ ሳምንት ብዙ ወቅት
በካናዳዋ ማኒቶባና በአሜሪካዋ ሰሜን ዳኮታ ሜዳ፣ በጁን ወር ሰኞ ጃኬት ያስደረበ ብርድ ረቡዕ ላይ በሐሩር፣ ሐሙስ ማታ ደግሞ በበረዶ ውርጅብኝ ሊተካ ይችላል። ከሰሜን የሚወርደው ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሽቅብ ከሚመጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ጋር ይጋጫል፤ በመካከላቸው የሚያግድ ተራራ የለም።

ግጭቱ ሲከፋ ቶርኔዶ ይወልዳል። እ.ኤ.አ. ጁን 22 ቀን 2007 ከዊኒፔግ በስተምዕራብ በምትገኘው ኢላይ መንደር አንድ ቤት ከመሠረቱ ተነቅሎ አየር ላይ ተበታተነ። በካናዳ ኤፍ 5 የተባለውን የመጨረሻ ደረጃ ያገኘው ይህ ቶርኔዶ ብቻ ነው። ሰው አለመሞቱ እጅግ ያስደንቃል!

ገበሬው ግን ከቶርኔዶው ይልቅ በረዶውን አዘውትሮ ይሰጋል፤ ስንዴውና ካኖላው በዚያ ሰሞን ገና ቡቃያ ናቸው።