አዲሱ ቅርንጫፍና የአክታችን ናሙና

ከሁለት ሳምንት በላይ የሳለ ሰው ቤሌ ከተማ ወደሚገኘው ላቦራቶሪያችን ሲላክ፣ አክታውን ከደጅ፣ ነፋስና ፀሐይ ባለበት ቦታ እንዲያወጣ እንነግረዋለን። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ባክቴሪያ በአየር ይተላለፋልና በተዘጋ ክፍል ማሳል ለማንም አይበጅም። በቅርቡ ልጃቸውን ይዘው የመጡ እናት «ዶክተር፣ ይሄ አሁን የተገኘው አዲሱ ዓይነት ነው እንዴ?» አሉኝ። «እናቴ፣ ቲቢ መሆን አለመሆኑን እንነግርዎታለን፤ ዓይነቱን ግን እዚህ አንለይም» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር። ስላይድ ላይ በተቀባው አክታ ካርቦል ፉክሲን የተባለ ቀይ ቀለም እናፈስና ከሥሩ እናሞቀዋለን፤ ይተናል እንጂ መፍላት የለበትም። በአሲድ አልኮል ታጥቦ ሰማያዊው ሜቲሊን ብሉ ሲጨመርበት፣ ቀዩን ቀለም አልለቅም ያለው ባክቴሪያ በሰማያዊው መደብ ላይ እንደ ቀጭን ዘንግ ይታያል። ነገር ግን በአፈርና በውኃ የሚኖሩ ዘመዶቹም ቀለሙን አይለቁም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መመርመሪያ መሣሪያ ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ቲቢ መሆኑንና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙን ይነግረናል፤ ዓይነቱን፣ ማለትም ከየትኛው የቲቢ ዘር ቅርንጫፍ እንደሆነ፣ ግን አይናገርም።

ቅርንጫፉ የሚለየው በዘረመሉ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ከሌላ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ተቀብሎ የጎደለውን አይሞላም፤ ከአንድ አባት ዘር የጠፋ ቁራጭ ከልጅ ልጆቹም እንደጠፋ ይቀራል። አንዱ የምርመራ ዘዴ 43 ቁርጥራጮችን እያየ የትኛው እንዳለ፣ የትኛው እንደሌለ ይመዘግባል። ከብት በጆሮው ቅድ እንደሚለይ፣ ባክቴሪያውም በጎደለው ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች የተሳተፉበት ጥናት ከሀገራችን የሳንባና የንፍፊት ቲቢ ታማሚዎች የተወሰዱ 964 ናሙናዎችን በዚህ መንገድ መረመረ። ከዚያ ቀደም ከሚታወቁት ስድስት ቅርንጫፎች የማይገጥም፣ በተለይ በወልዲያ አካባቢ የበዛ ዘር ተገኘ፤ ሰባተኛው ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ኤቲዮፕስ ቬተስ» የሚል ስም ቀረበለት። ራሱን የቻለ አዲስ ዝርያ አይደለም፤ በዓለም በሰፊው ከተሠራጩት ቅርንጫፎች አስቀድሞ የተገነጠለ ጥንታዊ ዘር ነው። የ2013ቱ ጥናት ሌላም ነገር አሳየ፦ የከብት ቲቢ በሰው ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ ነው። ይህ ግን ጥሬ ወተት ይጠጣ ማለት አይደለም፤ ብሩሴላ የተባለው ሌላ ባክቴሪያም በጥሬ ወተት ይተላለፋል።

«መድኃኒቱ አንድ ከሆነ ስሙ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። መድኃኒት ላልተላመደ ቲቢ ሕክምናው በመደበኛነት ስድስት ወር መሆኑ እውነት ነው። ሰባተኛው ቅርንጫፍ ግን በላቦራቶሪ ማሳደጊያ (ካልቸር) ላይ በዝግታ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአማራ ክልል ጥናት እንዳሳየውም፣ ይህ ዘር የያዛቸው ታማሚዎች ወደ ሕክምና የመጡት ከሌሎቹ ዘግይተው ነበር። የዘገየ ሰው በመዘግየቱ ልክ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ያጋልጣል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት የተገኘው ከታማሚ ከተወሰደ ናሙና ነው። ምራቅ ብቻ የያዘ ዕቃ ምንም አይነግረንም፤ ክዳኑ ላይ ብቻ የተጻፈ ስም ክዳን ሲቀያየር የሰው ውጤት ለሰው ይሰጣል። የሙያ ባልደረቦቼ፣ ስሙን በዕቃው ጎን ላይ ጻፉ። አንባቢዬም፣ ሳልዎ ሁለት ሳምንት ከደፈነ ዓይነቱን ሳይጠይቁ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ የቲቢ ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።