የባርኮድ ማንበቢያ መሣሪያንና የሱቅ ኮምፒዩተርን ስለ ማስማማት

በከተሞቻችን ከሚገኙት ሱቆችና የገበያ አዳራሾች ብዙዎቹ ዕቃ የሚሸጡት በባርኮድ ማንበቢያ መሣሪያ፣ ማለት በስካነር እየታገዙ ነው። መሣሪያው በዕቃው መያዣ ላይ የታተሙትን ጥቋቁር መስመሮች በብርሃን አንብቦ ቁጥሩን ለኮምፒዩተሩ ያቀብላል፤ ኮምፒዩተሩም የዕቃውን ስምና ዋጋ ከመዝገቡ ፈልጎ ያወጣል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ባለሱቁ ስካነሩን ገዝቶ ከባንኮኒው ላይ ባኖረ ጊዜ፣ መሣሪያው ብርሃን እያበራና ድምፅ እያሰማ ቁጥሩ ግን ሳይታይ ይቀራል፤ ወይም በቁጥሩ ፈንታ ትርጉም የሌለው ምልክት ይወጣል። ባለሱቁም የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል፤ ሁለተኛውም እንደ ፊተኛው ይሆንበታል።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ መሣሪያው በደኅና የሚሠራ መስሎ የተሳሳተ ቁጥር የሚያስመዘግብ የሆነ እንደ ሆነ ነው። ስሕተቱ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀምና የዕቃ ቆጠራ በሚደረግበት ጊዜ መዝገቡና መደርደሪያው ሳይስማሙ ይገኛሉ። ያን ጊዜ ጥርጣሬው የሚወድቀው በመሣሪያው ላይ ሳይሆን በገንዘብ ተቀባዩና በዕቃ ጠባቂው ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሰው ስምም ነገር ነውና ምክንያቱን ማወቅ ለነጋዴ ሁሉ ይበጃል። ከዚህ በታች የሚገለጸው በአብዛኛዎቹ ሱቆች የሚገኘውን፣ በዊንዶውስ የሚሠራውን ኮምፒዩተር የሚመለከት ነው።

ስለ ቁጥሩ አመጣጥ

ባርኮድን የፈለሰፉት ኖርማን ጆሴፍ ዉድላንድና በርናርድ ሲልቨር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሲሆኑ፣ የፈጠራ መብታቸው የተመዘገበላቸው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። በዛሬው መልኩ በሱቅ ገንዘብ መቀበያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው ግን እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ ነበር፤ የተነበበውም ዕቃ አንድ ጥቅል የሪግሊ ማስቲካ ነው። የአሜሪካው ቁጥር 12 አኃዝ ያለው ሲሆን፣ በአውሮፓ የተዘጋጀውና በብዙ አገር የሚሠራበት 13 አኃዝ አለው።

የመጨረሻው አኃዝ የመቈጣጠሪያ አኃዝ ይባላል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከ13ቱ የፊተኞቹ 12 አኃዞች ይወሰዱና ከግራ ሲቈጠር በጎዶሎ ቦታ ያሉት እንዳሉ፣ በሙሉ ቦታ ያሉት ግን በ3 እየተባዙ ይደመራሉ፤ ድምሩን ወደሚቀጥለው አሥር ለማድረስ የጎደለው የመጨረሻው አኃዝ ይሆናል። ለምሳሌ 200000001234 በሚለው ቁጥር ድምሩ 24 ስለ ሆነ፣ ወደ 30 ለመድረስ 6 ይጎድለዋል፤ ሙሉው ቁጥር 2000000012346 ይሆናል ማለት ነው። ስካነሩ ይህን ሒሳብ በራሱ ሠርቶ የማይስማማ ሆኖ ያገኘውን ንባብ አያስተላልፍም። ስለዚህ የተሳሳተ ቁጥር በመዝገብ ላይ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ስሕተቱ የገባው አብዛኛውን ጊዜ ከንባቡ በኋላ፣ ከስካነሩ ወደ ኮምፒዩተሩና ወደ መዝገቡ በሚደረገው መንገድ ላይ ነው።

አራቱ የታወቁ እንቅፋቶች

1ኛ፤ የቋንቋ አለመስማማት። በዩኤስቢ ገመድ የሚያያዝ ስካነር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ለዊንዶውስ የሚያስታውቀው እንደ ኪቦርድ አድርጎ ነው። ፊደልና አኃዝ አይልክም፤ የሚልከው የትኛው ቁልፍ እንደ ተነካ ብቻ ነው። ቁልፉን ወደ ፊደል የሚተረጉመው ዊንዶውስ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በአማርኛ ደብዳቤ ሲጽፍ ቈይቶ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ የላቲን ፊደል ያለበት ባርኮድ የተነበበ እንደ ሆነ፣ ፊደሉ በግዕዝ ፊደል ተለውጦ ይወጣል፤ መዝገቡም ዕቃውን አያውቀውም። ኪቦርዱ በፈረንሳይኛ የተደራጀ ኮምፒዩተር ሲሆን ደግሞ አኃዞቹ የሚጻፉት ሺፍት የተባለው ቁልፍ ተጭኖ በመሆኑ፣ ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ስካነር በአኃዝ ፈንታ የቅንፍና የጭረት ምልክት ያስወጣል። መድኃኒቱ የሽያጩን ኮምፒዩተር ለሽያጭ ብቻ ማድረግና ኪቦርዱን በእንግሊዝኛ ማጽናት ነው። ይህ ካልተቻለ በስካነሩ መመሪያ ውስጥ ያለውን የኪቦርድ ቋንቋ መምረጫ ባርኮድ ማንበብ ያስፈልጋል።

2ኛ፤ የመዝጊያው ምልክት መጉደል። ቁጥሩ ተጽፎ የሚቀር፣ ዕቃው ግን በሒሳቡ ላይ የማይወጣ የሆነ እንደ ሆነ፣ ስካነሩ ከቁጥሩ በኋላ ኤንተር የተባለውን ቁልፍ አልላከም ማለት ነው። ያን ጊዜ ሁለት ዕቃ በተከታታይ ቢነበብ ቁጥሮቹ ተያይዘው አንድ 26 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሆናሉ። አንዳንድ የሽያጭ ፕሮግራም ደግሞ በኤንተር ፈንታ ታብ የተባለውን ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለቱንም ከመመሪያው ውስጥ ተገቢውን ባርኮድ በማንበብ ማስተካከል ይቻላል፤ ሥራው ከጥቂት ደቂቃ አያልፍም።

3ኛ፤ የዜሮ መጥፋት። የአሜሪካ ዕቃ 12 አኃዝ ያለው ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ስካነር እንዳለ ሲልከው ሌላው በፊቱ ዜሮ ጨምሮ 13 ያደርገዋል። በመዝገቡ ላይ አንደኛው፣ በስካነሩ ላይ ሌላው የሆነ እንደ ሆነ ዕቃው አልተመዘገበም ይባላል፤ ገንዘብ ተቀባዩም ቸኵሎ እንደ አዲስ ይመዘግበዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ ዕቃ በሁለት ስም ይኖራል፤ አንደኛው ሲጎድል ሌላው ሲተርፍ ይታያል። የዕቃ ዝርዝራቸውን በኤክሴል የሚያዘጋጁ አስመጪዎችም ይጠንቀቁ። ኤክሴል ባርኮዱን እንደ ሒሳብ ቁጥር ስለሚቈጥረው የፊተኛውን ዜሮ ያጠፋል፤ ረጅሙንም ቁጥር አሳጥሮ በነጥብና በፊደል ያሳየዋል። ስለዚህ ቁጥሩ ከመጻፉ በፊት ዓምዱን ጽሑፍ በሚለው ዓይነት መወሰን ግዴታ ነው።

4ኛ፤ የመግቢያው በር መለዋወጥ። በሲሪያል መንገድ፣ ማለት በኮም በር የሚሠራ ስካነር እንደ ኪቦርድ ስለማይቈጠር የቋንቋ ችግር አያገኘውም። ነገር ግን ድራይቨር ይፈልጋል፤ የበሩም ቁጥርና የመላኪያው ፍጥነት በስካነሩና በፕሮግራሙ ላይ አንድ መሆን አለባቸው። ሱቅ የሚጠርገው ሠራተኛ የዩኤስቢውን ገመድ ነቅሎ በሌላ ቀዳዳ የሰካው እንደ ሆነ ዊንዶውስ ሌላ የበር ቁጥር ሊሰጠው ይችላል፤ ፕሮግራሙም በቀድሞው በር ሲጠብቅ ይውላል። ገመዱ በሚሰካበት ቀዳዳ ላይ ምልክት ማድረግ ከዚህ ሁሉ ድካም ያድናል።

በሽተኛው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት

ባለሙያ ከመጥራት በፊት ኖትፓድ የተባለውን ባዶ የጽሑፍ ገጽ ከፍቶ አንድ ዕቃ ማስነበብ ነው። ቁጥሩ ከዕቃው ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ሆኖ ከወጣና ጠቋሚው ወደሚቀጥለው መስመር ከወረደ፣ ስካነሩ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ በሽያጩ ፕሮግራም ወይም በመዝገቡ ላይ ነው። ቁጥሩ ተለውጦ ከወጣ ነገሩ የኪቦርድ ቋንቋ ነው። ድምፅ እያለ ምንም ካልወጣ ስካነሩ በሲሪያል መንገድ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ድምፁም ከሌለ ገመዱን፣ የመስተዋቱን ንጽሕናና የባርኮዱን ኅትመት መመልከት ያስፈልጋል።

ለላኪዎችና ለአምራቾች

የባርኮድ ችግር አንዳንድ ጊዜ የሚጀምረው ከማተሚያ ቤት ነው። የ13 አኃዝ ባርኮድ መደበኛ ስፋት በግራና በቀኝ ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ 37.29 ሚሊሜትር፣ ቁመቱም 25.93 ሚሊሜትር ነው፤ ለሱቅ ሽያጭ ከዚህ ከ80 በመቶ በታች ማሳነስ አልተፈቀደም። የብዙ ስካነሮች ብርሃን ቀይ ስለ ሆነ፣ በነጭ ላይ በቀይ ቀለም የታተመ መስመር አይታያቸውም። የተቈላ ቡናቸውን በሚያምር ቀይ ቀለም አሽገው ወደ ውጭ አገር የሚልኩ ነጋዴዎች መስመሩን በነጭ ላይ በጥቁር ቢያሳትሙ፣ ዕቃቸው ከገዢው ደጅ አይመለስባቸውም።

በሱቅ ውስጥ ለሚታሸጉ እንደ ሽሮ፣ በርበሬና ቅመማ ቅመም ላሉት በ2 የሚጀምር ቁጥር መስጠት ይቻላል፤ በ20 እስከ 29 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለውስጥ ሥራ የተተዉ ናቸውና። ነገር ግን ሌላው ሱቅ ያንኑ ቁጥር ለሌላ ዕቃ ሊሰጠው ስለሚችል፣ በዚህ ቁጥር ዕቃን ለሌላ ነጋዴ ማከፋፈል አይገባም።

ከመግዛት በፊት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለው፣ ስካነር የሚገዛ ነጋዴ አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ የማስተካከያ ባርኮዶች ያሉበት መመሪያ አብሮ ይሰጣልን? ሁለተኛ፣ እንደ ኪቦርድም እንደ ሲሪያልም ለመሥራት ይችላልን? ሦስተኛ፣ ባለ አራት ማዕዘኑን ኮድ ያነባልን? በሌዘር የሚሠራው ስካነር መስመር እንጂ ባለ አራት ማዕዘን ኮድ አያነብም፤ በዓለም ያለው የሱቅ ንግድ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2027 መጨረሻ ሁለቱንም ለማንበብ እንዲዘጋጅ፣ የባርኮድን ሥርዐት የሚመራው ጂኤስ1 የተባለው ድርጅት አቅዷል። ዊንዶውስ 10 የተባለው ሥርዐትም መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ አዲስ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ይህን ያስብበት።

ከሁሉም በላይ ግን መሣሪያው በተተከለ ማግሥት ከመደርደሪያው ላይ ሃያ ያህል ልዩ ልዩ ዕቃ አንሥቶ በማስነበብ፣ ስሙና ዋጋው ከመዝገቡ ጋር መስማማቱን በዓይን ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ፈተና ከአንድ ሰዓት በላይ አይወስድም። ነጋዴውን ከኪሣራ፣ ታማኙንም ሠራተኛ ከማይገባው ሐሜት ያድናል።