ኦክታቮቹ አያታልሏችሁ

ጠጋ በሉማ። ይሄ ጮክ ተብሎ አይወራም።

የፍራንዝ ሊስትን የቢ ማይነር ሶናታ የሚጫወት ፒያኒስት ስታዩ፣ ዓይናችሁ ኦክታቮቹ (አንድ ስም ያላቸው ሁለት ኖታዎች በአንድ እጅ አንድ ላይ የሚመቱባቸው ቦታዎች) ላይ ነው አይደል? እጆቹ እንደ በረዶ ሲወርዱ፣ ፀጉሩ ሲበተን፣ ላቡ ሲንጠባጠብ! ከመጋረጃው ጀርባ ያለነው ግን እዚያ ጋ ሲደርስ ዘና እንላለን። ኦክታቭ በልምምድ ይመጣል። ደግሞስ በዚያ ሁሉ ነጎድጓድ መሀል አንዲት ኖታ ብትዘለል ማን ይሰማታል? (እኛ እንሰማለን። አንናገርም እንጂ።) አንዳንዱማ የቀኝ እጁን ሸክም ቀስ አድርጎ ለግራው ያቀብላል፤ ታዳሚው እቴ፣ የት አይቶ!

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ቆዩ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ትንሽ ሐሜት። ሊስት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1853 ቫይማር ላይ ሲጨርስ መታሰቢያነቱን ለሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን ሰጠ። ውለታ መመለሱ ነበር፤ ሹማንም የሲ ሜጀር ፋንታሲውን ለእሱ አበርክቶለት ነበርና። ታትሞ በ1854 ሲደርስ ግን ሹማን የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገብቷል። ሚስቱ ክላራ፣ ራሷም ስመ ጥር ፒያኒስት፣ ሰምታው ጠላችው። ይባስ ብሎ ማመስገን አለባት! ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ብራምስ ደግሞ ሊስት ራሱ ሲጫወትለት እንቅልፍ ጣለው ይባላል። ይባላል ነው ያልኩት።

ሶናታውን በአደባባይ መጀመሪያ የተጫወተው ፒያኒስቱ ሃንስ ፎን ቡሎ ነው፤ በርሊን፣ ጃንዋሪ 1857። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ማንን አገባ? የሊስትን ልጅ፣ ኮዚማን። ኮዚማስ ኋላ ጥላው ወደ ማን ሄደች? ሶናታውን ሰምቶ ለሊስት የአድናቆት ደብዳቤ ወደጻፈው ወደ ሙዚቃ ደራሲው ዋግነር። ጉድ ነው!

ሶናታው ሰምና ወርቅ ለሚወድ ጆሮም ድግስ አለው። መግቢያው አካባቢ ከታች እንደ መዶሻ የምትደበድበው ሐረግ ቆይታ፣ ተለሳልሳ፣ የፍቅር ዜማ ሆና ትመለሳለች። ያችው ናት! ብዙ ሰው ሳያውቃት ያልፋል።

እሺ፣ ምስጢሩ። ሊስት መጀመሪያ የጻፈው መዝጊያ አዳራሽ የሚያናጋ ነበር። ኋላ ሰረዘው፤ ስረዛው የእጅ ጽሑፉ ላይ ዛሬም ይታያል። በምትኩ ሙዚቃው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በፒያኖው ግራ ዳር በአንዲት አጭር ኖታ ያልቃል። ግማሽ ሰዓት ያህል ያለ እረፍት ሲታገል የቆየ ክንድ ነው እንግዲህ ያችን ኖታ በስሱ የሚነካት። ጠንከር ካለ ጥፊ ትሆናለች። ከለዘበ የፒያኖው መዶሻ ገመዱ ጋ አይደርስም፤ ጭጭ! ከኮንሰርቱ በፊት የመለማመጃውን በር ተጠግታችሁ ብታዳምጡ፣ ደጋግሞ የሚነካካው ኦክታቮቹን አይደለም። ያችን የመጨረሻ ገጽ ነው።

ከእሷ በኋላ ያለው ጸጥታም የሙዚቃው አካል ነው። ሁልጊዜ ግን አንድ ችኩል አይጠፋም፣ ጧ! ያደርጋታል። እናንተ እንዳትሆኑ አደራ። እጁ ከቁልፎቹ ካልተነሳ አላለቀም።