በካርቶን ላይ የታተመው ሥዕል የማን ነው?

አንድ ቡና ላኪ ለማሸጊያው የሚስማማ ሥዕል ከመጽሐፍ ገጽ ላይ አግኝቶ ለማተሚያ ቤት ቢሰጥ፣ ወይም አንድ አስመጪ ከውጭ አገር ያዘዘው ሸቀጥ ያለ ፈቃድ የተወሰደ ሥዕል ታትሞበት ቢመጣ፣ ነገሩን እንደ ጥፋት የሚቆጥረው ጥቂት ነው። ሠዓሊው ግን ዝም ብሎ እንዲያልፈው የሚያስገድደው ሕግ የለም።

በኢትዮጵያ ይህ መብት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥፍራ አግኝቶ ነበር፤ ኋላም በ1996 ዓ.ም. የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በሰፊው ደነገገው። መብቱ የሚጸናው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ አንሥቶ ስለሆነ ምዝገባ አያሻውም፤ ሠዓሊው በሕይወት ባለበት ዘመንና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሥዕሉን በገንዘቡ ገዝቶ በመደብሩ ግድግዳ ላይ የሰቀለ ነጋዴ እንኳ የገዛው ሸራውን እንጂ የማባዛቱን መብት አይደለም። ይህ በገበያ ዘንድ እጅግ የተዘነጋ ነገር ነው። በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ግን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአዛዡ ነው።

ባለ መብቱ በመጀመሪያ ማስረጃውን ይሰበስባል፤ ይኸውም የሥራውን ንድፍ ከነቀኑ ያኖራል፣ ሥዕሉ የታተመበትንም ዕቃ ከመደብር በደረሰኝ ይገዛል። ቀጥሎ ለተጠቃሚው በጽሑፍ ያስታውቃል። ሥዕሉ እንዲነሣ ወይም ተገቢው ዋጋ ተከፍሎ ፈቃድ እንዲጻፍ ይጠይቃል። አስተዋይ ነጋዴ ጉዳዩን በዚህ ላይ ይጨርሰዋል፤ ካርቶን ማሳተም ከክርክር ወጪ ይረክሳልና።

እምቢ ቢባል መንገዱ ወደ ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ሽያጩ እንዲታገድና ዕቃው እንዲያዝ ሊያዝ፣ ካሣም ሊወስን ይችላል። የሠዓሊው ስም ተፍቆ ወይም ሥራው ተበላሽቶ የሞራል መብቱ ከተነካ፣ የሞራል ካሣው ከ100,000 ብር አያንስም። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰውም ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊቀጣ ይችላል።

አስመጪዎችን ይበልጥ የሚነካው የጉምሩክ ነገር ነው። ባለ መብቱ ማስረጃውን አቅርቦ ሲያመለክት ዕቃው በመግቢያው በር ላይ ሊያዝ ይችላል። ሥዕሉን የመረጠው የውጭ አቅራቢ ቢሆንም እንኳ፣ የመጋዘኑ ኪራይና የባንኩ ወለድ በአስመጪው ላይ ይቈጠራል። ስለዚህ በግዢው ውል ላይ አቅራቢው ለማሸጊያው ሥዕል ኃላፊነት እንዲወስድ የሚያደርግ አንቀጽ ይግባ፤ የፈቃዱ ወረቀትም ቅጂው ዕቃው ከመጫኑ በፊት ይጠየቅ።