ጉጉት ሲጮህ ማን ይሞታል?

በሰኮሩም ሆነ በጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ከተሞች ማታ ጣሪያ ላይ ጉጉት ስትጮህ በብዙ ቤት የሚነሳው ወሬ አንድ ነው፤ «ሰው ሊሞት ነው»። ከዚያ ድንጋይ ይወረወራል፤ ጎጆዋ ከተገኘም ጫጩቶቹ አይተርፉም። መምህር ሳለሁ ስለ ጉጉት የጠየቅኳቸው ተማሪዎች የመጀመሪያ መልሳቸው ሞት ነበር። አይጥን ያነሳ ትዝ አይለኝም።

እምነቱ ከእኛ አልጀመረም። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቦች «ሃማ» የሚሉት ነገር ነበራቸው። ዑለሞች እንዳብራሩት ከፊሎቹ የተገደለ ሰው ደሙ ካልተመለሰለት ከራሱ ወፍ ወጥታ ትጮኻለች ይሉ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ጉጉት ቤታቸው ላይ ካረፈች መርዶ ነው ብለው ይወስዱታል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከሌሎች የገድና የሚልኪ እምነቶች ጋር ውድቅ አድርገዋል፤ ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። እንግዲህ ጉዳዩ የወፏ ብቻ ሳይሆን የዐቂዳም ነው።

ታዲያ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች? ሰው ቤት የምትጠጋው ብዙ ጊዜ ነጭ ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው የጉጉት ዓይነት ናት። የምትጠጋው እህል ባለበት አይጥ ስላለ ነው። በጨለማ የምታድነው በዓይኗ ብቻ አይደለም፤ ሣር ውስጥ የሚንኮሻኮሽን አይጥ በጆሮዋ ብቻ ለይታ መያዝ ትችላለች። በአንድ ሌሊት ሦስት አራት አይጥ ትበላለች፤ ጫጩት ስታሳድግ ደግሞ ከዚያም በላይ ታድናለች። አይጡን እንዳለ ውጣ አጥንቱንና ፀጉሩን አድቦልቡላ ትተፋዋለች። ከጎጆዋ ሥር የሚገኘው ጥቁር ድቡልቡል ነገር ይኸው ነው እንጂ ድግምት አይደለም። ኮርኒስ ውስጥ እንደ እባብ «እስስ» የሚለው ድምፅም የጫጩቶቿ ነው።

በሐጅ ኢሕራም ላይ ሳይቀር እንዲገደሉ ከተፈቀዱት አምስቱ እንስሳት አንዷ አይጥ ናት፤ ጉጉት ግን ከአምስቱ ውስጥ የለችም። እኛ ግን አይጥ አዳኟን በድንጋይ እናባርርና ለአይጡ መርዝ እንገዛለን። ብዙዎቹ የአይጥ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው፤ የበላው አይጥ ወዲያው ስለማይሞት ለቀናት እየተንገዳገደ ይውላል። ጉጉቷም በቀላሉ ይዛው መርዙን አብራ ትውጠዋለች። አይጥ ቶሎ ይራባል፤ ጉጉት ግን እንደዚያ አትተካም።

በቡና ጫካ ውስጥ የምትኖረው ሌላ ዓይነት ናት። የምትፈለፍለው በአሮጌ ዛፍ ፍልፍል ውስጥ ነው። የቡና ጥላ የሆኑት ትልልቅ ሰሳና ዋንዛ ተቆርጠው ባሕር ዛፍ ሲተከል ማረፊያ አታገኝም፤ ባሕር ዛፉ ገና ሳይቦረቦር ይቆረጣልና።

ሌሎች ምን አደረጉ? በአሜሪካ ፍሎሪዳ ኬፕ ኮራል በምትባል ከተማ መሬት ቆፍራ የምትኖር ትንሽ ጉጉት አለች። ነዋሪው በሰፈሩ ባዶ ቦታ ጉድጓዷን በእንጨት ምልክት ያጥራል፤ አንዳንዱም በግቢው ጀማሪ ጉድጓድ ቆፍሮላት ይጠብቃል። ይህች ጉጉት የከብት ፋንድያ ጉድጓዷ አፍ ላይ ትበትናለች፤ ጥንዚዛው ሲመጣ ትበላዋለች! ወደ እኛ በሚቀርበው በዮርዳኖስ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ገበሬዎች በመርዝ ፋንታ የጉጉት ሣጥን ማሳቸው ላይ ተክለዋል። ጉጉትን በክፉ ገድ ማየት እዚያም ስለነበረ ማሳመኑ ቀላል አልነበረም። በማሌዥያም የዘንባባ ዘይት እርሻዎች ይህንኑ ያደርጋሉ።

መስጂድ ወይም ቤት ኮርኒስ ውስጥ ጉጉት ከገባች፣ ቆሻሻው ቢያስቸግርም ቀዳዳውን አሁኑኑ አትድፈኑት፤ ጫጩቶቹ ውስጥ ታፍነው ይሞታሉ። ዕንቁላሉን አንድ ወር ያህል ታቅፋለች፤ ጫጩቶቹም በሁለት ወር ገደማ ይበራሉ። ድምፃቸው ሲጠፋ አንድ ሰው ወጥቶ ይመልከት፤ ባዶ ከሆነ ቀዳዳው ይዘጋ። ከግቢው ዳር ዛፍ ላይ ወይም ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ የእንጨት ሣጥን ቢሰቀልላት ደግሞ ወደዚያ ልትዛወር ትችላለች፤ አናጺ በግማሽ ቀን የሚሠራው ነው።